ሁለት መሮና አንድ ቁራጭ መስታወት፦ ርካሽ የእንጨት መሮ ለሚገዙ

ቤቱ ውስጥ እንጨት የሚነካካ ሰው ባለ ስድስት መሮ ቦርሳ አያስፈልገውም። ሁለት ይበቃዋል፤ የተረፈው ገንዘብ ለመሳያ ይሁን። ይህን የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ርካሽ መሮ ከፋብሪካ የሚወጣው ሥራው ሳያልቅ ነው፤ የቀረውን የሚጨርሰው ገዢው ነው። ስድስቱንም አስተካክሎ የሚስል ትዕግሥተኛ እምብዛም አይገኝም፤ ሁለቱን ግን ማንም ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሳቸዋል።

የምጽፈው ለኮልፌ ቀራንዮ ሰው፣ ለዓለም ባንክ ሰፈር፣ ለአየር ጤና፣ ለቤተል ወይም ለሚኪ ሌላንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነው፦ ክረምት ሲገባ በሩ አብጦ አልዘጋ ላለው፣ ሰራቱራ ለመቀየር ለፈለገ፣ የአልጋው እግር ለላላበት፣ ወይም ለልጁ መደርደሪያ መሥራት ላማረው። አናጺ መጥራት ይቻላል፤ ለአንዲት ማጠፊያ ብሎ የሚመጣ አናጺ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደግሞም መብራት ሲጠፋ ትራፓኖው ዝም ይላል፣ መሮ ግን ሥራውን አያቆምም።

ከቤት ሳይወጡ

መጀመሪያ ስፋቱን ይወስኑ። የሚገዙት አንዱ ባለ 25 ሚሊ ሜትር፣ ነጋዴው «አንድ ኢንች» የሚለው ይሁን። የበርና የመስኮት ማጠፊያ መቀመጫ የሚወጣው፣ ሰፊ ገጽም የሚስተካከለው በእሱ ነው። ሁለተኛው ባለ 12 ወይም ግማሽ ኢንች ነው፤ የሰራቱራውን ጉድጓድ ማዕዘን የሚያወጣው፣ የወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ የሚቆፍረው እሱ ነው። ባለ 18ቱን ይለፉት፤ 12ቱን ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ቢመቱት የእሱን ሥራ ይሠራልዎታል።

በቅርጽ ሁለት ዓይነት ያያሉ። አንደኛው ጎኑ ቀጥ ብሎ የወረደ ወፍራም ነው። ሌላው የላይኛው ፊቱ ግራና ቀኙ ተሞርዶ ወደ ዳር የሳሳ ነው። ለቤት ሥራ የሳሳው ይሻላል፣ ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ይገባልና። ወፍራሙ ቀኑን ሙሉ ጥልቅ ጉድጓድ ለሚቆፍር አናጺ ነው።

የሚሠሩበትን እንጨትም ያስቡ። ዝግባ ለስላሳና ደህና ቀጥ ያለ ስለሆነ ርካሽ መሮም ይቀርጸዋል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጅማቱ ይጠማዘዛል፣ ጠንካራም ነው፣ በቀጭኑ የተሳለን ስለት ይሸርፋል። ችፑድና ኤምዲኤፍ በኮላ የተጋገሩ ስለሆኑ የማንኛውንም መሮ ስለት ቶሎ ያዶለዱማሉ፤ እነሱን በመጋዝና በትራፓኖ ይጨርሷቸው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የበር ጣውላ ገዝተው ከሆነ ደግሞ ከመሮው በፊት ማግኔት ያሳልፉበት። ውስጡ የተሰበረ ሚስማር ቢኖር የዘመናት ቀለም ሸፍኖት አይታይም።

የት ይገዛል?

በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች መንገድ ላይ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች መሮ አይጠፋም፤ ምርጫው ግን ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜም በቦርሳ የታሸገ ስብስብ ነው። መርካቶ ለኮልፌ ቀራንዮ ሰው ጎረቤት ስለሆነ ለነጠላ መሮ እዚያ መውረድ ያዋጣል። ያገለገለ ወይም ብረት ቀጥቃጭ የሠራው ካማረዎት ምናለሽ ተራ ይግቡ።

ስለ ዋጋ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ሒሳቡን በንጽጽር ይሥሩት። የባለ ስድስቱን ስብስብ ዋጋ ለስድስት ያካፍሉ። ነጠላው መሮ የዚያን እጥፍ ቢጠየቅበት እንኳ ሁለት ነጠላ የሚያስወጣዎት የስብስቡን ሁለት ሦስተኛ ነው። የተረፈው ሲሶ መሳያዎን ይገዛል። ከእጥፍ በላይ ሲጠየቅ ነው መከራከር የሚጀመረው።

መሮውን እጅዎ ላይ ሲይዙ

ከእጀታው ቀለምና ከማሸጊያው ዓይንዎን ያንሱና ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። የመሮ ጀርባ ማለት ተዳፋት የሌለው ጠፍጣፋ ፊቱ ነው፤ ሥራውን የሚመራው እሱ ነው። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ያቁሙበት፣ ማስመሪያ ካልያዙ የሌላ መሮ ጠርዝ ይሆናል። ወደ ብርሃን ያዙሩት። ብርሃን መሃል ላይ ሾልኮ ከታየ ጀርባው ትንሽ ጎድጉዷል ማለት ነው፣ ይህ ችግር የለውም፤ ሁለቱ ዳር ስለሚነካ ሲሳል ቶሎ ይስተካከላል። ብርሃኑ በዳርና በዳር ታይቶ መሃሉ ከነካ፣ ማስመሪያውም እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ፣ ጀርባው ሆድ አውጥቷል። ሆድ ያወጣ መሮ ይመልሱ። ያንን ማስተካከል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ቀጥ ያለ መሮ ደግሞ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ።

ቀጥሎ አንድ ዓይን ጨፍነው ከእጀታው ጫፍ ወደ ስለቱ ይመልከቱ። ብረቱ ወደ አንድ ጎን ከዞረ ወይም ከእጀታው ጋር መስመር ከሳተ ሌላ ይጠይቁ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ያሉ መሮዎች እንኳ እኩል አይደሉም፤ ሦስት አራቱን አስወጥቶ ማወዳደር የገዢ መብት ነው። ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁር አይፈሩ፣ «ወንድም፣ አንዱን መውሰዴ አይቀርም» ይበሉት።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር፣ ጥንካሬው፣ ይመጣል። ደህና የእንጨት መሮ በሮክዌል መለኪያ ከ58 እስከ 62 ይደርሳል። ከዚያ በታች ሲሆን ስለቱ ይተኛል፣ በጣም ሲበልጥ ይሸረፋል። መደብር ውስጥ መለኪያ የለም፤ የሚያገለግለው ደቃቅ ጥርስ ያለው ትንሽ ሞረድ ነው። በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። ሞረዱን ስለቱ አጠገብ፣ በተዳፋቱ ጥግ፣ ሳይጫኑ አንዴ ያንሸራቱት። እንደ ሚስማር ነክሶ ከያዘ፣ ብናኝም ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው። ተንሸራቶ ጭረት ብቻ ከተወ ደህና ነው። ሙከራውን እጀታው አጠገብ አያድርጉት፤ ብዙ መሮዎች የሚጠነክሩት በስለቱ በኩል ብቻ ስለሆነ የላይኛው ክፍል ለስላሳ መሆኑ ጉድለት አይደለም።

ብዙ ሰው መሮውን በሌላ ብረት መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ድምፅ የሚናገረው ስንጥቅ ካለ ወይም እጀታው ከላላ ነው። ጠንካራውም ለስላሳውም ብረት እኩል ይጮኻል፤ በጥሩ ጩኸት ተታልለው አይግዙ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ የጀርመን» የሚል ይኖራል። «ሞረድ ላስነካው?» ይበሉት። እምቢ ካለ አይቀየሙት፤ የተጫረ ዕቃ ለሌላ ገዢ ማሳየት ይከብደዋል። «ካለፈ እወስደዋለሁ» ብለው በአንዱ ላይ ይስማሙ። ብረቱ ላይ የተቀረጸው «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ ደግሞ የሚነግርዎ በብረቱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ነው፣ በእሳትና በዘይት በደንብ መጠንከሩን አይነግርዎትም። የታወቀ ስም የለጠፈ ፎርጅድም ሞልቷል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ጀርባውንና ሞረዱን ይመኑ።

እጀታው ላይ ብዙ አይዋሉ። ፕላስቲክ ከሆነ አናቱ ላይ የብረት ቆብ ያለው የብረት መዶሻን ይችላል። እንጨት ከሆነ ሥሩ ላይ የብረት ቀለበት መኖሩን ይዩና በእንጨት መዶሻ ብቻ ይምቱት። የእንጨት መዶሻ አይግዙ፤ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ካሉ እንጨት ነጋዴዎች የደረቀ የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ቁራጭ ለምነው፣ ቀዳዳ አውጥተው እጀታ ያስገቡበት። ለአዲሱ መሮዎም የመጀመሪያ ሥራ ይሆነዋል።

ከፌሮ፣ ከባሌስትራና ከአሮጌ ሼፊልድ

ምናለሽ ተራ ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ መሮ ከፋብሪካው በብዙ ይረክሳል። አንዳንዱ ከፋብሪካው ይበልጣል፣ አንዳንዱ ሚስማር እንኳ አይሆንም። ልዩነቱ ከምን ብረት እንደተሠራ ነው፣ ይህንንም በዓይን መለየት ይቻላል።

አንገቱን ይዩ። ብረቱ ላይ ተዳፍነው የቀሩ አግድም ሽንትሮች፣ የፌሮ ጥርሶች፣ ካሉበት ያስቀምጡት። ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ በእሳት አይጠነክርም። ግድግዳ ለሚፈለፍል ግንበኛ ደህና ነው፣ እንጨት ላይ ግን ከጥቂት ምት በኋላ ስለቱ ይጠቀለላል። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራው ግን ሌላ ነው። ጠፍጣፋ፣ ወፈር ያለ፣ አንዳንዴም ከተፈጥሮው የቀረ ትንሽ ጉብጠት ያለው ይሆናል። የባሌስትራ ብረት በአግባቡ ከተነከረ በርካሽ ከሚገባው መሮ ይልቅ ስለት ይይዛል። ከአሮጌ ሞረድ የተሠራም ጥሩ ስለት ያወጣል፤ ጥርሶቹ ጎኑ ላይ ስለሚታዩ ያውቁታል። ሲወድቅ ወይም በብረት መዶሻ ሲመታ ግን ሊሰበር ይችላል።

ቀጥቃጩን ራሱን ካገኙት በትእዛዝ ያሠሩ። ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ብረቱ ባሌስትራ መሆኑን፣ በመጨረሻ ቀልቶ ማግኔት የማይስበው ደረጃ ሲደርስ ዘይት ውስጥ መንከሩን፣ ከነከረም በኋላ መልሶ በቀስታ እስከ ገለባ ቀለም ማሞቁን። ሦስተኛውን የሚዘልሉ አሉ፤ ያን ጊዜ መሮው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። እርስዎም ቤት ኦቨን ካለዎት በ200 ዲግሪ ገደማ አንድ ሰዓት በማቆየት ሊጨርሱት ይችላሉ። ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚጠይቀው ዋጋ ብዙም አይደለም፣ ከልክ በላይ አይከራከሩት። ሙያው ዳግማዊ ምኒልክን በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ያደረሰ፣ ሲሰደብ የኖረ ሙያ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በዋጋ ክርክር አናዋርደው።

ያገለገለ ዕቃ ሲያገላብጡ አልፎ አልፎ አሮጌ የእንግሊዝ መሮ ይወጣል። የሼፊልድ ስም፣ ለምሳሌ በ1828 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የማርፕልስ ማኅተም፣ ወይም «ካስት ስቲል» የሚል ጽሑፍ ካዩ ቆም ይበሉ። ሁለተኛው በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሃንትስማን ሼፊልድ ውስጥ ከጀመረው በሸክላ ማቅለጫ የሚቀልጥ ብረት የተሠራ ነው፣ ስለቱ ዛሬም ድንቅ ነው። ዝገቱ ከላይ ብቻ ከሆነ አያስፈራም። ጀርባው ላይ፣ ስለቱ አጠገብ፣ ዝገት ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣበት ግን ስለቱ እዚያ ሲደርስ ይጎረደማል፤ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ይተውት። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነም ተጠንቅቀው ይዩት፤ አንድ ሰው ግራይንደር ላይ አቃጥሎታል ማለት ነው፣ ያ ሰማያዊ ክፍል ተሞርዶ እስኪያልቅ ድረስ ለስላሳ ነው።

ቤት ሲገቡ

ለመሳያ መስታወት ቤት ሄደው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቁራጭ ይጠይቁ፤ ጠርዙንም ያስሞርዱት። ከዚያ የመኪና ቀለም ዕቃ ከሚሸጡበት በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 220፣ 400፣ 1000 እና ከተገኘ 2000 ይግዙ። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክረው መስታወቱ ላይ ሲለጥፉት ራሱ ይጣበቃል። ይህ መስታወት ከብዙ ርካሽ የመሳያ ድንጋዮች ይልቅ ልክ ነው፣ ድንጋይ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ መስታወት ግን ልኩን አይለቅም።

አዲስ መሮ ዝገት እንዳይነካው ቀጭን ቫርኒሽ ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል። በቲነር ይጥረጉት፣ አለበለዚያ ወረቀትዎን ይሞላዋል።

መጀመሪያ ጀርባው ይስተካከል። በ220 ላይ ጠፍጣፋውን ፊት አስተኝተው፣ ከስለቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትሩን በሁለት ጣት ተጭነው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሰዱት። እጀታውን በፍጹም አያንሱ፤ አንዴ ከተነሳ ጫፉ ይከብብና የሠሩት ሁሉ ይበላሻል። ከፋብሪካው የቀረው ጭረት ጠፍቶ አዲሱ ጭረት ከጥግ እስከ ጥግ ስለቱን ሲነካ ወደ 400፣ ከዚያ ወደ 1000 ይለፉ። ጀርባው ፊትዎን ደብዘዝ አድርጎ ማሳየት ሲጀምር ይበቃል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ተዳፋቱ። ለቤት ሥራ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ይስማማል፤ ለባሕር ዛፍ ወደ 30 ያቅርቡት። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግዎትም። የተዳፋቱ ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ከሆነ በትክክል 30 ዲግሪ ነው። ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ተዳፋቱ 8 ይሁን ማለት ነው። ወደ 9 ተኩል ከረዘመ 25 ሆኗል። ተዳፋቱን በማርከር ያጥቁሩት፣ ወረቀቱ ላይ አንዴ ወደ ራስዎ ይሳቡትና ቀለሙ የት እንደለቀቀ ይዩ። ከኋላ ብቻ ከለቀቀ እጅዎ ዝቅ ብሏል፣ ከስለቱ ጫፍ ብቻ ከሆነ ከፍ ብሏል። ሁልጊዜ ወደ ራስዎ መሳብ ነው፤ ወደ ፊት የገፉት መሮ ወረቀቱን ይቀድደዋል።

ስለቱ መድረሱን በጣት ያውቁታል። በጀርባው በኩል ጣትዎን ወደ ጫፉ፣ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ሲያንሸራትቱ ቀጭን የብረት ክር ይይዝዎታል። ክሩ ከዳር እስከ ዳር ካለ በዚህ ወረቀት የሚሠራው አልቋል። መሃል ላይ ካልያዘዎት መሃሉ ገና አልተሳለም። በ1000 ላይ ጀርባውንና ተዳፋቱን እያፈራረቁ ጥቂት ሲያስኬዱት ክሩ ይረግፋል። በመጨረሻ ከጫማ ሠሪ ያገኙትን የቆዳ ቁራጭ ጣውላ ላይ በኮላ ለጥፈው መሮውን ወደ ኋላ እየሳቡ አሥር ያህል ጊዜ በሁለቱም ፊት ያሹት።

ለሙከራ የክንድ ጸጉር የሚላጩ አሉ። እኔ የዝግባ ቁራጭ እመርጣለሁ፤ በመጋዝ የተቆረጠውን አናቱን በእጅ ግፊት ብቻ ይላጉት። ዶልዱም መሮ ለስላሳ እንጨትን ይጨፈልቀዋል፣ ፊቱም ነጣ ብሎ ይሻክራል። የተሳለው ግን ጠቆር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ገጽ ትቶ ያልፋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ግራይንደር የሚነካው ስለቱ ተሸርፎ ብዙ ብረት መነሳት ሲኖርበት ብቻ ነው፤ ያኔም በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ ጣትዎ የማይችለው ሙቀት ላይ አያድርሱት። በበዓል ሰሞን ሰፈር ለሰፈር ለሚዞረው ቢላ ሳይ ደግሞ መሮዎን አይስጡ። ሙያው ቢላ ነው፤ በሁለቱም በኩል ይስለውና ያን ሁሉ የለፉበትን ጀርባ በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል።

የመጀመሪያው ማጠፊያ

የበር ማጠፊያ ለመትከል ማጠፊያውን ቦታው ላይ ይዘው ዙሪያውን በስለታም ቢላ ያስምሩ፣ በእርሳስ አይደለም። እርሳስ መስመር ያሳያል፣ ቢላ ግን መሮው የሚያርፍበትን ጉድብ ይተዋል። ባለ 25ቱን መሮ ቀጥ አድርገው፣ ተዳፋቱን ወደሚወጣው እንጨት አዙረው፣ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይምቱ። ከዚያ በየ5 ሚሊ ሜትሩ በጅማቱ አግድም ተራ በተራ ይምቱ፣ ከማጠፊያው ውፍረት ሳያልፉ። አሁን መሮውን ያስተኙና ጀርባው እንጨቱን እየተደገፈ ከጎን በኩል ይላጉት፤ ቁርጥራጩ እንደ ብስኩት እየተነሳ ይወጣል። መስመሩ ላይ የሚቆሙት በመጨረሻ ነው።

በሩን በሞርሴቶ ወይም በሰው ያስይዙት። በግራ እጅዎ እንጨቱን፣ በቀኝዎ መሮውን ይዘው አይግፉ፤ መሮ ሲያመልጥ የሚሄደው ወደ ፊት ነው፣ ከፊት ደግሞ ሌላው እጅዎ ነው።

ማታ መሮዎቹን በትንሽ የሞተር ዘይት ያበሱ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም። ቆዳ ሰገባ እርጥበት ስለሚይዝ ስለቱን ያዝገዋል፤ በወፍራም ካርቶን ጫፉን መጠቅለል ይሻላል። ሦስተኛውን፣ ባለ 6ቱን፣ የሚገዙት 12ቱ የማይገባበት ጉድጓድ ሲገጥምዎ ነው። ለብዙ ሰው ያ ቀን በመጀመሪያው ዓመት አይመጣም።